ዋት አይዘፍንም

‹‹ለጨዋታ እኮ ነው! ስቱዲዮ ልትከፍት ነው እንዴ?››

ዛሬ ብዕሬን ያስነሳችኝ ይህች አነጋገር ናት። በቤቱ ውስጥ ካራኦኬ ሊዘፍን አስቦ ዕቃ ለመግዛት የተነሣ ሰው ሁሉ ከወዳጅም ከነጋዴም የሚሰማት ምክር ይህችው ናት። ስትተረጎም እንዲህ ማለት ነው፦ መድረክ ላይ የሚቆመው ዘፋኝ ዕቃ ይምረጥ፤ አንተ ግን ትልቁን ሳጥን ግዛ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይበል፣ የቀረው ትርፍ ነው። እኔ ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው እላለሁ። በጥንቃቄ ሊመረጥ የሚገባው ዕቃ ቢኖር የቤቱ ነው። ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም፤ በሁለት ወር ደመወዜና በእናቴ ፊት ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። ለእንቁጣጣሽ ቤተሰቡ ሁሉ እኔ ዘንድ እንዲሰበሰብ ተወሰነና የእህቴ ባል ‹‹ካራኦኬ ያለው ስፒከር ግዛ፤ ቤቱ ይሙቅ›› አለኝ። ሄድኩ። የሱቁ ልጅ ቁመቱ እስከ ወገቤ የሚደርስ፣ ፊቱ ላይ ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚሽከረከርበት ሳጥን አሳየኝ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር በጣቱ እየመታ ‹‹ጋሼ፣ ይሄ እኮ 5,000 ዋት ነው!›› አለኝ። 5,000 ዋት ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ከ3,000 እንደሚበልጥ ግን አውቅ ነበርና ከፈልኩ። ሁለት ገመድ አልባ ማይክራፎን በምርቃት ተጨመረልኝ።

በበዓሉ ዕለት ልጆቹ ጮሁበት፤ የእህቴ ባል ጨፈረበት፤ ሁሉም ደስ አለው። ከዚያ ‹‹እማዬ፣ አንቺም ሞክሪ እንጂ›› አልናት። እናቴ በወጣትነቷ የብዙነሽ በቀለን ዘፈኖች ስታንጎራጉር ጎረቤት ሥራውን ትቶ ጆሮውን የሚጥልላት ሴት ነበረች። እኛ ልጆቿ በዚያ ድምፅ ነው ያደግነው። ማይኩን ያዘች፤ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ የመጀመሪያዋን ስንኝ አወጣች። ከሳጥኑ የወጣው ግን የገደል ማሚቶ ነበር። ቃል በቃል ላይ ተደረበ፤ ባሱ ከሥር ደበደበው፤ መሐል ላይ ስለት የመሰለ ፉጨት ተጨመረበትና ሁላችንም ጆሯችንን ያዝን። እናቴ ማይኩን ከአፏ አራቀችና ‹‹ይሄ የማን ድምፅ ነው?›› አለች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ብንለምናት፣ ብንማጠናት እምቢ አለች።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደግሞ በሩ ተንኳኳ። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። ከታች ያለችው ጎረቤታችን ነርስ ናት፤ የዚያን ዕለት የማታ ተረኛ ነበረች። ‹‹እንኳን አደረሳችሁ። ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝና ዘፈኑን ሳይሆን ድብደባውን ብቻ ቀንሱልኝ›› ብላ ተመለሰች። ከዚህ የበለጠ ብይን ማንም ሊሰጥ አይችልም። ዘፈኑ እርሷ ዘንድ አልደረሰም፤ ድብደባው ግን ደርሷል። እኛም ቤት የሆነው ይኸው ነው።

እንግዲህ ወደ ክርክሬ ልግባ።

በመጀመሪያ ስለ ዋት። በካርቶን ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ብዙውን ጊዜ ‹‹ፒ.ኤም.ፒ.ኦ.›› የሚባለው ነው። ይህ ቁጥር አንድ ወጥ የአለካክ ደንብ የለውም፤ ሻጭ እንደፈቀደ ያበዛዋል። የሚታመነው ዕቃው ሳይቋረጥ ሊሰጥ የሚችለው ኃይል ነው፤ ‹‹አር.ኤም.ኤስ.›› ተብሎ ይጻፋል። እርሱም ካልተጻፈ ሳጥኑን አዙራችሁ ከጀርባው ያለችውን ደቃቅ ጽሕፈት አንብቡ። ከሶኬት የሚወስደው ኃይል እዚያ አለ። የእኔው ባለ 5,000 ዋት ጀግና ከሶኬት የሚወስደው 60 ዋት ነበር! 60 ዋት አጉርሶ 5,000 ዋት መጠበቅ አንድ ቁና ገብስ አስፈጭቶ አንድ ጎተራ ዱቄት እንደ መጠበቅ ነው።

ይሁን፣ ዋቱ እውነት ነው እንበል። ምን ያደርግልናል? የኃይሉን መጠን እጥፍ ብታደርጉት ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ ለይቶ የሚያውቀው ጥቂት ጭማሪ ማለት ነው። ድምፁ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማችሁ ከፈለጋችሁ ኃይሉ ወደ አሥር እጥፍ ማደግ አለበት። መካከለኛ የሆነ የቤት ስፒከር ደግሞ በ1 ዋት ብቻ በአንድ ሜትር ርቀት 88 ዴሲቤል ያህል ይሰጣል። ለ8 ሰዓት በፋብሪካ ጩኸት መሐል ለሚውል ሠራተኛ እንኳ ከ85 ዴሲቤል በላይ አይመከርም። አራት በአራት በሆነች ሳሎን ውስጥ ታዲያ ያ ሁሉ ዋት የሚሄደው ወዴት ነው? ወደ ነርሷ ነው። ቀጭኑን ድምፅ የብሎኬት ግድግዳ በመጠኑ ያስቀረዋል፤ ባስን ግን አያስቀረውም። ወለሉን ይዞ ይወርዳል፣ ኮለኑን ይዞ ይወጣል።

ሁለተኛ፣ ስለ ማይክራፎን። ካራኦኬ ማለት ሰው የሚዘፍንበት ነገር ከሆነ የዕቃው ሁሉ አለቃ ማይኩ ነው። እኛ ግን አለቃውን በምርቃት እንቀበላለን፤ ሎሌውን በሁለት ወር ደመወዝ እንገዛለን። ማይኩ ያላነሳውን ድምፅ ስፒከር ከየት ያመጣዋል? ለቤት የሚሆነው ‹‹ዳይናሚክ›› የሚባለው ዓይነት ነው፤ ያውም ከፊቱ የመጣውን ድምፅ አንሥቶ ከኋላው የመጣውን የሚንቀው። ሹር የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1966 ያወጣው ‹‹ኤስ.ኤም.58›› የዚህ ዓይነቱ ነው፤ ዛሬም ድረስ በየመድረኩ ይያዛል። እርሱን ግዙ አልልም፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም፣ አስመስሎ የተሠራውም ብዙ ነው። የዓይነቱን ግን ፈልጉ። ገመድ ያለው ይሁን፤ በአንድ ዓይነት ዋጋ ባለ ገመዱ ከገመድ አልባው ይሻላል፤ ባትሪውም መሐል ላይ አይሞትባችሁም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ሱቅ ገብተን ማይክ ስንፈትን ሁላችንም ‹‹ሄሎ፣ ሄሎ፣ ዋን፣ ቱ›› እንላለን። ለመሆኑ ቤታችን ገብተን ‹‹ዋን ቱ››ን ነው የምንዘፍነው? የእኛ ቋንቋ ጠንካራ ፊደላት አሉት፤ ‹‹ጰ››፣ ‹‹ጠ››፣ ‹‹ጨ››፣ ‹‹ጸ››፣ ‹‹ቀ›› አፍ ውስጥ ታፍነው የሚፈነዱ ናቸው። ማይኩን አፋችሁ አጠገብ ይዛችሁ ‹‹ጴጥሮስ ወጳውሎስ›› በሉ። ቡፍ ቡፍ ካለ አይሆንም። ‹‹ጸጥታ›› በሉ። እባብ ከነፋ አይሆንም። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሕፃን እንደምታስተኙ ሆናችሁ አንጎራጉሩ። ጩኸትን ማንኛውም ማይክ ያነሣል፤ እንጉርጉሮን የሚያነሣው ግን ጥቂቱ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ኢኮ። እዚህ ላይ ብዙ ጠላት እንደማፈራ አውቃለሁ። ‹‹ድምፃችን አያምርም፤ ኢኮው ይሸፍነናል›› የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ከሁሉም ክርክር ጠንካራው ይኸው ስለሆነ አልንቀውም፤ ዓይናፋር ሰው ድፍረት ያስፈልገዋል። ጥቂት ኢኮ ልክ እንደ ጨው ነው። ግን ወጡን በጨው የሠራ ማን አለ?

የአማርኛ ዘፈን ነፍሱ ግጥሙ ነው። ግጥሙ ደግሞ የሚቆመው በጥብቀትና በላላት ላይ ነው። ‹‹ገና›› ጠብቆ በዓል ነው፤ ላልቶ ያልደረሰ ነገር ነው። ‹‹አለ›› ጠብቆ መኖር ነው፤ ላልቶ መናገር ነው። ሰምና ወርቁን የሚለየው ብዙ ጊዜ ይህች የፀጉር ያህል የቀጠነች ልዩነት ናት። ‹‹ተ››ን ወይም ‹‹ቀ››ን ስናጠብቅ በመሐሉ አንዲት ቅንጣት ዝምታ አለች፤ ጆሮ ጥብቀቱን የሚያውቀው በእርሷ ነው። ኢኮ የሚሠራው ምንድን ነው? ያለፈውን ቃል ጭራ አምጥቶ ያቺን ዝምታ ይሞላታል። ያን ጊዜ ጠባቂውና ላሊው አንድ ይሆናሉ፤ ወርቁ ይቀልጥና ሰሙ ብቻ ይቀራል። የእናቴን ድምፅ ‹‹የማን ነው?›› ያሰኛት ይኸው ነው። ስለዚህ ኢኮው እስከ ዜሮ ድረስ የማይወርድለትን ዕቃ አትግዙ። አንዳንዱ ርካሽ ሳጥን ኢኮው ተለክቶ የተሰፋበት ነው፤ ልቀንስህ ቢሉት አይቀንስም።

አራተኛ፣ ስለ ብሉቱዝ። ገመድ አስቀያሚ ነው፣ እውነት ነው። ነገር ግን ድምፅ በብሉቱዝ ሲሻገር ይዘገያል፤ በተለመዱት ዕቃዎች ከ100 እስከ 200 ሚሊሰከንድ መዘግየት የተለመደ ነው። ዘፈን ለማዳመጥ ምንም አይደለም። የራሳችሁ ድምፅ በዚያ መንገድ ተመልሶ ሲመጣ ግን ሌላ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛልና፣ የ150 ሚሊሰከንድ መዘግየት ማለት ራሳችሁን 50 ሜትር ያህል ርቆ ከቆመ ስፒከር እንደ መስማት ነው። የትኛው አዝማሪ ነው ማሲንቆውን 50 ሜትር አርቆ አስቀምጦ የሚዘፍን? ማይኩ በገመድ ሳጥኑ ላይ ይሰካ። ሙዚቃውም ከስልኩ ወይም ከቴሌቪዥኑ በገመድ ይምጣ፤ አለበለዚያ በስክሪኑ ላይ የሚሮጠው ግጥም ከሙዚቃው ይቀድማል።

‹‹ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ካራኦኬ ራሱ የጭፈራ ቤት ጩኸት አይደለም ወይ?›› የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም! ጃፓናዊው ሺጌይቺ ነጊሺ እ.ኤ.አ. በ1967 የመጀመሪያውን መሣሪያ ሠርቷል። ብዙ ሰው የካራኦኬ አባት የሚለው ዳይሱኬ ኢኖዌ ደግሞ በኮቤ ከተማ በየመጠጥ ቤቱ ሙዚቃ እየተጫወተ ዘፋኝ ደንበኞችን የሚያጅብ ሰው ነበር። አንድ የኩባንያ አለቃ ለሽርሽር ሲሄድ አብሮት እንዲሄድና እንዲያጅበው ጠየቀው። ኢኖዌ መሄድ አልቻለም። ስለዚህ ለዚያ ሰው አዘፋፈን የሚስማማ አጃቢ ሙዚቃ ቀድቶ ላከለት። በ1971 የሠራው መሣሪያ የተወለደው ከዚህ ነው። ልብ በሉ፤ ነገሩ የተጀመረው ሰውን ለሙዚቃ በመልካት ሳይሆን ሙዚቃን ለአንድ ሰው ድምፅ በመልካት ነው። ‹‹ካራኦኬ›› የሚለው ቃልም ‹‹ባዶ ኦርኬስትራ›› ማለት ነው። ባዶውን የሚሞላው ሰው ነው እንጂ ባስ አይደለም።

ከዚህም አንድ የአመራረጥ ደንብ ይወጣል። እኛ ‹‹ክላሲካል›› የምንለው ድምፃዊ የሌለበት ሙዚቃ የሚገኘው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ዘፋኝ የድምፅ ከፍታ ነው። በ25 ዓመቷ የተቀዳችን ድምፃዊት ከፍታ የ68 ዓመት እናት እንዴት ትደርስበታለች? እንግዲህ ፍጥነቱን ሳይለውጥ የሙዚቃውን ከፍታ ዝቅና ከፍ የሚያደርግ ቁልፍ ያለው መሣሪያ፣ ወይም ያንን የሚሠራ የስልክ ፕሮግራም ፈልጉ። ከመብራቱ ሁሉ ይህች ቁልፍ ትበልጣለች።

የቀረው የአቀማመጥ ነገር ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ሳጥኑን ጥግ ላይ አታስጠጉት፤ ጥግ ባስን ያበዛል። ከመሬት አንሡት። ዘፋኙ ከሳጥኑ ኋላ ሳይሆን ፊት ለፊቱ ትይዩ ይቁም፤ የማይኩ ጀርባ ወደ ሳጥኑ ይሁን። ማይኩን ጭንቅላቱ ላይ በመዳፍ ማፈን የፉጨት ሁሉ እናት ነው፤ ልጆቻችሁን ከዚህ ከልክሉ። ባዶው ግድግዳ ላይ ወፍራም መጋረጃ ወይም ጋቢ ብትሰቅሉ ቃሉ ጥርት ብሎ ይሰማል።

እኔ የመጀመሪያውን ሳጥን በኪሳራ ሸጥኩት። በገንዘቡ ትንሽ ባለ ስምንት ኢንች ስፒከርና አንድ ባለ ገመድ ማይክ ገዛሁ። የእህቴ ባል አይቶ ‹‹ይቺ ናት?›› ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ። በገና ዕለት እናቴ ሦስት ዘፈን ዘፈነች። ሁለተኛው ላይ ግጥሙ ጠፋባትና ሳቀች፤ ሳቋም በስፒከሩ ሳቋን መስሎ ወጣ። ከታች ማንም አላንኳኳም።

እንግዲህ ዕቃ ልትገዙ የምትሄዱ ወገኖቼ፣ አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ሱቅ ስትሄዱ ‹‹ስንት ዋት ነው?›› የሚለውን ጥያቄ ቤት ትታችሁት ሂዱ። በእርሱ ፋንታ ድምፁ የሚናፍቃችሁን ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ እናት ትሁን፣ አያት ይሁን፣ ከጉርምስናው ወዲህ መዘመር ያቆመ ወንድም ይሁን። ማይኩን ስጡትና አንድ ስንኝ ይበል። እናንተ ፊታችሁን ወደ ግድግዳ አዙራችሁ ስሙ። ማን እንደሆነ በድምፁ ካወቃችሁት ክፈሉ፤ ካላወቃችሁት ነጋዴውን አመስግናችሁ ውጡ።