ገናን አዳራሽ ብናስገባው

በጥር 2017 ዓ.ም. ማብቂያ፣ እኛ የገና ዱላችንን ጥግ ካስያዝን ወር ሳይሞላ፣ ፖሬች በምትባል የክሮሺያ ባሕር ዳር ከተማ የ12 አገር ወንዶች ለአዳራሽ ሆኪ የዓለም ዋንጫ ተሰልፈው ነበር። ዋንጫውን ጀርመን ወሰደች። በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ2003፣ የ2007 እና የ2011 ዋንጫዎችም የእሷ ስለሆኑ አራተኛዋ ነው። ሐይቅ ከተማ ሻይ ቤት ተቀምጦ ስለ አርሰናል ተከላካይ ጉልበት ሲከራከር የሚያመሽ ሞልቷል፤ ስለዚህ ውድድር ግን አንድ ቃል የተነፈሰ ሰው አልሰማሁም። እሱስ አይገርምም። የሚገርመው ጨዋታው ከእግር ኳስ ይልቅ የእኛን መምሰሉ ነው። ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ አለ፣ መሬት ለመሬት የምትከንፍ ድቡልቡል ነገር አለች፣ ጎንበስ ብሎ የሚሯሯጥ ጎረምሳ አለ።

ላላየው ባጭሩ ልንገረው። ሜዳው ርዝመቱ ከ36 እስከ 44 ሜትር፣ ስፋቱ ከ18 እስከ 22 ሜትር ነው፤ አንድ የእጅ ኳስ ሜዳ ይበቃዋል። በረኛውን ጨምሮ በየወገኑ ስድስት ሰው ይሰለፋል። በሁለቱ ረዣዥም ጎኖች 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያላቸው ጣውላዎች ይጋደማሉ፤ ኳሷ ከነሱ ጋር ተላትማ ትመለሳለች። ጎበዝ ተጫዋች ለጓደኛው ማቀበያ ቀዳዳ ሲያጣ ለጣውላው ያቀብልና ራሱ ዞሮ ይቀበላል። ትልቁ ሕግ ግን ኳስ አለመመታቷ ነው። ዱላ ወደ ኋላ ተስቦ አይሰነዘርም፤ ኳሷ ትገፋለች እንጂ አትለጋም። ወደ ጎል ካልተላከች በቀር ከመሬት አትነሣም፤ ጎልም የሚቆጠረው ከጎሉ ፊት ካለው የ9 ሜትር ግማሽ ክብ ውስጥ ሲገባ ብቻ ነው።

ይህን ከገና ጋር ስታስተያዩት ገና የሚፈቅደው ሁሉ እዚያ ክልክል ይመስላችኋል። እረኞች የጌታን መወለድ ሰምተው በያዙት ዱላ የፈነጠዙበት ነው የሚባለው ጨዋታ ወሰን አያውቅም። ሜዳው ዐይን እስከሚደርስ ነው። ቁጥር የለም፤ የላይኛው መንደር ከታችኛው ይገጥማል፣ ዱላ ያለው ሁሉ ይገባል። እሩሯ፣ ማለትም የገናዋ ኳስ፣ በወይራ ዱላ ተለግታ ቁልቁል ስትበር ያገኘ ይሮጥባታል፣ ያላገኘ ቅልጥሙን ይይዛል። የጨዋታው ማብቂያ ጀምበር መጥለቂያ ነው። በዚያ ቀን ጌታ በሎሌው አይቆጣም፤ የተመታ ባላባት አንክሶ ከመሄድ በቀር ክስ የለውም። ማታ አሸናፊው በግጥም ይሞልጫል፣ ተሸናፊው ጥርሱን ነክሶ ይሰማል። የሐይቅ ከተማ ወረዳ፣ ተሁለደሬ፣ ሙስሊሙ የሚበዛበት ነው፤ እኛ ሰፈር ግን እሩሯ መሬት ከነካች በኋላ ማን ፆም ፈትቶ እንደመጣ፣ ማን ያልፆመ እንደሆነ የጠየቀ አላየሁም።

ታዲያ ይህን ሁሉ ስፋት የሚፈልገው ጨዋታ ሜዳው የት አለ? ድሮ ወቅቱ ራሱ ሜዳ ይሰጥ ነበር። በታኅሣሥ መጨረሻ ሰብሉ ይነሣል፣ ገለባው ይቀራል፣ ከብቱም ልጁም ይለቀቅበታል። ዛሬ ከሐይቁ ዳር እስከ ተራራው ግርጌ ሂዱና እዩ። ባሕር ዛፍ ነው፤ ከዚያ ጫት ነው፤ ከዚያ በሞተር ውሃ የሚጠጣ አትክልት ነው፤ የቀረውን የከተማው ቦታ እየሸነሸነ ወስዶታል። በሰው ጫት ውስጥ እሩር ላሳድድ የሚል ልጅ የሚገጥመው የገና ምሕረት አይመስለኝም። ወጣቱ ባህሉን ናቀ የሚሉ ንግግሮች በየበዓሉ እሰማለሁ፤ ተናጋሪዎቹ ልጆቹ የት እንዲጫወቱ እንደሚፈልጉ ቢያመለክቱን ጥሩ ነበር።

ጀርመኖችም ሜዳ ያጡ ሰዎች ነበሩ። የእነሱን ሜዳ የነሳቸው ክረምትና በረዶ ነው። እንደ አውሮፓውያን በ1950ዎቹ ሆኪያቸውን ይዘው ስፖርት አዳራሽ ገቡ። የሜዳውን ጨዋታ እንዳለ ቢያስገቡት መስኮትም ጥርስም አይተርፍም ነበር፤ ስለዚህ ሕጉን ቆረጡት። ምት ቀረ፣ ግፊት ገባ፣ ሰው ቀነሰ፣ ጣውላ ተጋደመ። በጋ ሲመጣ ደግሞ ወደ ሣሩ ይወጣሉ፤ አንዱ ሌላውን አልገደለውም። እንዲያውም በጠባብ ቦታ ኳስ መያዝ የለመደ እጅ ሰፊው ሜዳ ላይ ይረዳቸዋል።

እኔ የምለው እንዲህ ነው፦ ሐይቅና ውጫሌ ያሉ ትምህርት ቤቶች የገናን ጠባብ ሜዳ ይሥሩ። አዳራሽ ስል ጣሪያ ያለው ማለቴ አይደለም፤ በእኛ ታኅሣሥ ዝናብ ማን ይፈራል? የቅርጫት ኳስ መጫወቻ ሲሚንቶ ይበቃል። ሁለት ጎን ጣውላ፣ በየወገኑ ስድስት ልጅ፣ መሰንዘር ክልክል።

ሽማግሌዎቻችን የሚሉኝን አውቃለሁ። ዱላ ያልተሰነዘረበት ገና ምኑ ገና ነው ይላሉ፤ ከልባቸው ነው፣ ግማሽ እውነትም አላቸው። የገና ደስታው ያ ከትከሻ የሚወርድ ምት ነው። ግን እናቶች ልጆቻቸውን ከገና የሚያስቀሩት በዚያው ምት ምክንያት ነው፤ ሴቶች ልጆች ከዳር ቆመው ማየት ብቻ የደረሳቸውም ገሚሱ በእሱ ነው። በፖሬቹ ሳምንት የሴቶቹም ዋንጫ አብሮ ተካሂዶ ፖላንድ ወስዳዋለች። የሚገፋ ገና ይኑረንና የታኅሣሥ 29ኙ ከሰዓት በኋላ፣ ሜዳ ከተገኘ፣ ለሚሰነዝሩት ይቆይላቸው።

ለዚህ ሀብታም አገር መሆን አያስፈልግም። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1964 የቶኪዮ ኦሎምፒክ በሆኪ ስድስተኛ፣ በ1971 የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ ደግሞ አራተኛ ሆናለች፤ ይህን የሠሩት በአብዛኛው ከሕንድ የመጡ ቤተሰቦች ልጆች ነበሩ፤ ጨዋታው ከሰዎቹ ጋር መጣ። በአዳራሹ ሆኪ ደግሞ ኢራን፣ በሣር ሜዳው ስሟ የማይነሣው ኢራን፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በርሊን ላይ ሦስተኛ ወጣች። እ.ኤ.አ. በ2023 ውድድሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአውሮፓ ወጥቶ ፕሪቶሪያ ላይ ተደረገ። ስድስት ሰው ማሰልጠን ቡድን ለመፍጠር ይበቃል፤ አገሮቹን የሳባቸውም ይኸው ይመስለኛል። እኛ ወደ ዓለም ዋንጫ እንሂድ እያልኩ አይደለም፤ መጀመሪያ እዚሁ ጎረቤት ቢስቲማ እንድረስ።

የኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ገናን ከትግል፣ ከገበጣ፣ ከሻህና ከኩርቦ ጋር አሰልፎ ክልሎችን ያወዳድራል። ሕግ ጽፎለታል፣ ዳኛ አቁሞለታል፤ ይመስገን። ነገር ግን በዓመት አንዴ ክልል ወክሎ የሚወዳደር ቡድን ከየት ይመጣል? ልጆች በየሳምንቱ ከሚጫወቱበት ቦታ ካልመጣ፣ ለውድድሩ ተሰብስቦ ከውድድሩ በኋላ የሚበተን የበዓል ልብስ የለበሰ ሰልፍ ነው የሚሆነው።

የራሳችንን ውድድር ቀን በተመለከተ ደግሞ ሐይቅ የታደለ ነው። ገና ታኅሣሥ 29 ውሎ በሦስተኛው ቀን ጥር 1 ቅዱስ እስጢፋኖስ ነው። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያቀኑት፣ ድሮ ደሴት የነበረው ገዳም ያኔ እንግዳ አያጣም። የአዳራሽ ሆኪ ጨዋታ 40 ደቂቃ ነው፤ ፖሬች ላይ 12 ቡድን ሁሉን ነገር በ7 ቀን ጨርሷል። ከሐይቅ፣ ከውጫሌ፣ ከቢስቲማ፣ ከኩታበርና ከደሴ አንዳንድ ቡድን ቢመጣ እርስ በርስ ለመገጣጠም 10 ጨዋታ ነው፤ በሁለት ከሰዓት በኋላ ያልቃል። የስድብ ግጥሙ አይቅር። የዓለም አቀፉ ዳኛ አረንጓዴ ካርድ ያወጣበት ይሆናል፤ የእኛው ዳኛ ግን ግጥሙ ካልጣመ ብቻ ያውጣ።

ጣውላውን የሚያጋድም አናጢ ሐይቅም ውጫሌም አለ። ዱላውንም ልጆቹ ራሳቸው ከወይራና ከክትክታ ይቆርጣሉ። ያልተፈታው የእሩሯ ነገር ነው። የእንጨቷ ሲሚንቶ ላይ ትነጥራለች፣ አንዴ ከተነሣች ደግሞ የማንን ጥርስ እንደምትፈልግ አይታወቅም። የጨርቋ ትሞታለች፣ አትንሸራተትም። ጨርቁን አጥብቆ ጠቅልሎ በቆዳ መስፋት የሚያዋጣ ይመስለኛል፤ ከዚህ የተሻለ የሚያውቅ ቆዳ ሠሪ ካለ ከመጪው ታኅሣሥ በፊት ሠርቶ ያሳየን።