መርከቧ ካርታው ላይ የብስ ላይ ናት፤ በዓይን ግን ባሕር ላይ

እ.ኤ.አ. ሰኔ 2025 ፍሮንት ኢግል የተባለች ነዳጅ ጫኝ መርከብ በመከታተያ ካርታዎች ላይ ኢራን ውስጥ፣ የብስ ላይ ቆማ ታየች። አዎ፣ መርከብ መሬት ላይ! ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ከሆርሙዝ ሰርጥ ወጣ ብሎ አዳሊን ከምትባል ታንከር ጋር ተጋጨች። እሳት ተነሳ፤ የኤምሬትስ ባሕር ጠባቂዎች ከአዳሊን ላይ 24 ሰው አወጡ። ኤምሬትስ የመጀመሪያው መረጃ የሚያሳየው የአነዳድ ስህተት ነው ብላለች።

እንዲህ ዓይነት ስክሪንሾት ሲወጣ ቲክቶክ ወዲያው "ዩፎ ነው" ይላል። ነገሩ ግን ከዚያ የበለጠ ያስፈራል።

መርከብ መንጃ ክፍል ውስጥ ሁለት የተለያዩ መሣሪያዎች አሉ። ራዳር ራሱ ሞገድ ይለቅና የሆነ ነገር መትቶ ሲመለስ ያነባል። ኤአይኤስ ግን "እኔ እዚህ ነኝ" እያለ የሚያውጅ ሬዲዮ ነው፤ ቦታውን የሚነግረው ደግሞ ጂፒኤስ ነው። የጂፒኤስ ሲግናል ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ስለሚመጣ እኛ ጋ ሲደርስ በጣም ደካማ ነው። ቅርብ ያለ ጉልበተኛ ማሰራጫ በቀላሉ ይውጠዋል፤ ይሄ ጃሚንግ ነው። ወይ ደግሞ የውሸት ሲግናል ልኮ ያታልለዋል፤ ይሄ ስፑፊንግ ነው። በአፕ የጠራችሁት ታክሲ ካርታው ላይ ሌላ ሰፈር ሲዞር አይታችሁ ታውቁ የለ? በ2017 ጥቁር ባሕር ላይ ቢያንስ 20 መርከቦች በአንዴ ገሌንጂክ ኤርፖርት ውስጥ ነን ብለዋል።

ራዳርስ አይዋሽም? ይዋሻል እንጂ። ሞቃትና ደረቅ አየር ከባሕሩ እርጥብ አየር በላይ ሲተኛ ሞገዱ ይታጠፍና ከአድማስ ማዶ ያለውን ሁሉ ያመጣል። ቀይ ባሕርና የፋርስ ባሕረ ሰላጤ በዚህ ይታወቃሉ።

ይሄ ቀልድ ያልሆነበት ጊዜ ነበር። ነሐሴ 4 ቀን 1964 በቶንኪን ባሕረ ሰላጤ የአሜሪካ መርከቦች በራዳርና በሶናር ጥቃት "አዩ"። የመርከቦቹ አዛዥ በሰዓታት ውስጥ የአየር ጠባዩ ራዳሩን አሳስቶት ሊሆን ስለሚችል እርምጃ ከመወሰዱ በፊት ይጣራ ብሎ መልእክት ላከ። ማንም አልጠበቀውም፤ ቬትናም ተደበደበች፣ በሦስተኛው ቀን ኮንግረሱ ለፕሬዚዳንት ጆንሰን የጦርነት ሥልጣን ሰጠ። የዚያን ሌሊት ጥቃት የሚባል ነገር አልነበረም።

አሁን ባለሚሳይል አገሮች ተፋጠው ባሉበት ባሕር ላይ ስክሪኑን ሆን ብለው የሚያምሱ አሉ፤ ደፍሮ "እኔ ነኝ" የሚል ግን እምብዛም ነው። ለእኔ የሚያሳስበው ይሄ ነው።

እኛንስ ምን አገባን? አብዛኛው የገቢ ዕቃችን በባሕር መጥቶ ጅቡቲ ይራገፋል፤ ከባሕር ዳርና ከባቦጋያ የሠለጠኑ ልጆቻችንም የውጭ መርከቦች ላይ ይሠራሉ። ግንቦት 2025 ኤምኤስሲ አንቶኒያ የተባለች ኮንቴነር ጫኝ ጅዳ አጠገብ ጥልቀት የሌለው ቦታ ላይ ወጥታ ተቀረቀረች። ዊንድዋርድ የተባለው የባሕር መረጃ ድርጅት አደጋውን ከጂፒኤስ ጃሚንግ ጋር አያይዞታል። መርከቧን ከዚያ ለማላቀቅ ሳምንታት ፈጅቷል።