ምሰሶ ላይ የሚወጣው ሰው ወረቀቱ የታለ?

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚያመራው መንገድ አምባ ጊዮርጊስን አቋርጦ ያልፋል። አገሩ ደጋ ነው፤ ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። መስመር ሲበጠስ ምሰሶ ላይ ወጥቶ የሚቀጥል ሰው አለ። መስመሩ 15 ሺህ ወይም 33 ሺህ ቮልት ሊሆን ይችላል። እኛ ከታች ቆመን «መብራቱ መቼ ይመጣል?» እንላለን እንጂ «ለመሆኑ ይህ ሰው ለዚህ ሥራ መሠልጠኑን የሚያውቅ አለ?» ብለን አንጠይቅም። እኔ ዛሬ ልጠይቅ።

ሾፌር መንጃ ፈቃዱን በኪሱ ይዞ ይዞራል። ጎንደር ያወጣው ጅማ ያገለግለዋል። የሚነዳው የመኪና ዓይነት ተጽፎበታል፤ ጊዜው ሲያልፍም ይታደሳል። የመስመር ሠራተኛውስ? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ለተሰናባች ሠራተኛ እንዲሰጥ የሚያዘው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና የደመወዙን ልክ የሚገልጽ ማስረጃ ነው። ደመወዙ ይጻፋል! በስንት ቮልት መስመር ላይ እንዲሠራ እንደተፈቀደለት፣ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደሠለጠነ ግን ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ነፍስ ከደመወዝ በታች ሆነች ማለት ነው።

«ሲ.ኦ.ሲ. አለ አይደለም ወይ?» የሚለኝ ይኖራል። አለ። በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 መሠረት የሚሰጥ የብቃት ማረጋገጫም አለ። ነገር ግን አንድ ቀን ፈተና ማለፍ ሌላ፣ ዛሬ በዚህ መስመር ላይ ለመሥራት መፈቀድ ሌላ። ጓደኛን ከምሰሶ ላይ ማውረድ፣ ኤሌክትሪክ ይዞት ልቡ የቆመን ሰው ደረቱን ተጭኖ መመለስ ካልተለማመዱት ይረሳል። በአውስትራሊያ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ከኩባንያ ኩባንያ ሲዘዋወር የሚይዘው የሥልጠና ፓስፖርት አለው፤ እንዲህ ያለው የሕይወት አድን ልምምድም በየዓመቱ ይታደሳል።

ለእኛማ ይብስብናል። የቀድሞው ኮርፖሬሽን በ2006 ዓ.ም. ተከፍሎ «ኤሌክትሪክ ኃይል» እና «ኤሌክትሪክ አገልግሎት» የሚባሉ ሁለት መሥሪያ ቤቶች ሆኗል። በዚህ ላይ ኮንትራክተሩ አለ። ሠራተኛው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር የሥልጠናው ፋይል የድሮ አለቃው መሳቢያ ውስጥ ከቀረ፣ አዲሱ አለቃ የሚያምነው በአፍ የተነገረውን ነው።

«ደብተሩን ከሰጠነው ጥሎን ይሄዳል» የሚሉ አሠሪዎች አይጠፉም። ሠራተኛን በደመወዝና በክብር እንጂ ወረቀት በመደበቅ ማቆየት ምን ይሉታል? ሐሰተኛ ማስረጃ ይበዛል የሚለው ስጋት ግን እውነት ነው። ስለዚህ ደብተሩ በሠራተኛው እጅ፣ ዋናው መዝገብ በነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ዘንድ ይቀመጥ። ፎቶግራፍ፣ የሥራው ዓይነት፣ የቮልቱ ልክ፣ የአሠልጣኙ ፊርማ፣ የሚታደስበት ቀን ይኑረው። የአምባ ጊዮርጊሱ የሥራ ኃላፊ ስልክ አንስቶ ማጣራት ይቻለው። ደብተር የሌለው ምሰሶ አይውጣ።

ይህ ሚሊዮን ብር የሚያስወጣ ግድብ አይደለም። ሰው ከሞተ በኋላ «ሠልጥኖ ነበር ወይ?» እያሉ ፋይል ማገላበጥ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። የሚመለከተው ክፍል መልስ ይስጠን!