መስኮቱን ከመቀየራችን በፊት



በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት የምትኖር እህታችን እንዲህ ስትል ጽፋልናለች፦ «የገዛነው ቤት አሮጌ ነው። ብርዱ ሲገባ ልጆቹ የሚተኙበት ክፍል በመስኮቱ በኩል ይቀዘቅዛል፤ የማሞቂያው ሂሳብም አቃተን። አንድ ሻጭ ቤታችን ድረስ መጥቶ ‹መስኮቶቹን በሙሉ ቀይሩ፤ በየወሩ ከነወለዱ ትከፍላላችሁ፤ ይህ ዋጋ ለዛሬ ብቻ ነው› አለን። ባለቤቴ ሊፈርም ነው። ምን ትመክሩናላችሁ?»

እህታችን ሆይ! አትቸኩሉ። «ለዛሬ ብቻ» የሚባለው ዋጋ ሰው እንዳያስብ የሚደረግ ግፊት ነው። የወለዱን ነገር ደግሞ እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ሐራም ነው። ባለቤትሽ ፈርሞ ከሆነም፣ በቤት ውስጥ የተፈጸመ 25 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ ሽያጭ በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲሰረዝ የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ ይፈቅዳል።

በመጀመሪያ ብርዱ የሚገባበትን ቦታ ፈልጉ። ነፋስ ባለበት ቀን ሰንደል ለኩሱና ከመጋረጃው አርቃችሁ በመስኮቱ ዙሪያ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ጭሱ ከተወዛወዘ እዚያ ጋ አየር ይገባል። ክፍተቱን በጎማ ማሸጊያ መድፈን ብዙ ወጪ የለውም። በብርዱ ወራት በመስኮቱ ላይ የሚለጠፍ ግልጽ ፕላስቲክም ይሸጣል። ነገር ግን የልጆቹን መስኮት በምስማር አትምቱት፤ እሳት ቢነሳ መውጫቸው ነው።

መስታወቱ ጉም ለበሰ ተብሎ ብቻ መስኮት አይቀየርም። ጉሙ በክፍሉ በኩል ከሆነ ብዙ ጊዜ የማድ ቤትና የመታጠቢያ ቤት እንፋሎት ነው። በሁለቱ መስታወቶች መካከል ከሆነ ግን ማሸጊያው ተበላሽቷል ማለት ነው። ይህ ከሆነ፣ ወይም እንጨቱ በስብሶ አልዘጋ ካለ፣ መቀየሩ ተገቢ ነው።

ስትገዙ የሻጩን ወሬ ትታችሁ በመስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ። «ዩ-ፋክተር» የሚለው ቁጥር በመስኮቱ በኩል የሚወጣውን ሙቀት ይለካል፤ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። ባለ አንድ መስታወት መስኮት ወደ 1 ይጠጋል፤ ተራው ባለ ሁለት መስታወት ደግሞ 0.5 አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ሥራ ላይ የዋለው የ«ኢነርጂ ስታር» መለኪያ ለሰሜኑ ቀዝቃዛ አካባቢ 0.22 እና ከዚያ በታች ይጠይቃል። እዚህ ደረጃ ለመድረስ መስታወቱ «ሎው-ኢ» የሚባል ሙቀት መላሽ ቅብ ይቀባል፤ በመስታወቶቹ መካከልም አርጎን ጋዝ ይሞላል።

ገጣሚው ሙያ ከሌለው ጥሩው መስኮትም ብርድ ያስገባል። ቤቱ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ በአሮጌው ቀለም ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ስለሚችል፣ ሥራው ሲሠራ ልጆቹን ከአቧራው አርቁ። ለመስኮት እስከ 600 ዶላር ይሰጥ የነበረው የፌዴራል የግብር ቅናሽም ከ2025 መጨረሻ በኋላ ለተገጠመ አይሠራም፤ በዚህ እንዳትታለሉ።

አዲስ መስኮት ወጪውን በማሞቂያ ሂሳብ ብቻ ለመመለስ ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። ስለዚህ ዘንድሮ ክፍተቶቹን ድፈኑ፤ መቀየር ካስፈለገም በእጃችሁ ባለው ገንዘብ ከልጆቹ ክፍል ጀምሩ። የቀረው ኢንሻ አላህ በየዓመቱ ይደርሳል። ይህን ደብዳቤ ከባለቤትሽ ጋር ተቀምጣችሁ አንብቡት።