የመኪናው ዋስትና ጌዶ ድረስ ይዘልቃል ወይ?

ከአምራቹ ወኪል አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው ያን ሁሉ ገንዘብ የሚያወጣው ለምንድን ነው? ለብረቱና ለሞተሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ከዱባይ የገባ ያገለገለ መኪና በቅናሽ ገዝቶ፣ መለዋወጫውን ከሶማሌ ተራ እየለቀመ፣ የሰፈሩ መካኒክ እየጠገነለት መኖር ይችል አልነበረም? ወደ ወኪሉ የሚሄደው ሌላም ነገር ስለሚሸጥለት ነው። ዋስትና አለው ይሉታል። መለዋወጫው ኦርጂናል ነው፣ ባለሙያው በፋብሪካው ደንብ የሠለጠነ ነው፣ መኪናህ ቢታመም እኛ አለን ይሉታል። ዋጋው ላይ የተጨመረው ብር የዚህ ቃል ዋጋ ነው። ታዲያ ይህ ቃል የሚጸናው እስከ የት ድረስ ነው? ከሆለታ ወዲያ ለሚኖር ሰው የማይሠራ ከሆነስ፣ መኪናው ሲሸጥለት ለምን አልተነገረውም?

ጥያቄውን የማነሳው ከጌዶ ሆኜ ነው። ጌዶ፣ የጨሊያ ወረዳ ዋና ከተማ፣ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ሆለታን፣ አዲስ ዓለምን፣ ጊንጪን፣ አምቦንና ጉደርን አልፎ ወደ ነቀምቴ የሚሄድ መኪና በጌዶ ያልፋል። ወደ ፊንጫኣ የሚወስደው መንገድም ከዚሁ ይገነጠላል። እህል የጫነው አይሱዙ፣ ሰው የሞላው ሚኒባስ፣ የመሥሪያ ቤቱ ፒክአፕ፣ የወረዳው አምቡላንስ፣ ሁሉም በዳገቱና በቁልቁለቱ ፍሬኑንና ፍሪሲዮኑን ሲፈትን ይውላል። ጥገና አብዝቶ የሚያስፈልገው እንዲህ ባለ አገር አይደለም ወይ? በአምራቾቹ ስም የሚሠሩት ጋራዦች ግን የተሰበሰቡት አዲስ አበባ ነው። ቅርንጫፍ የከፈቱትም ቢሆኑ የመረጡት ትልልቆቹን የክልል ከተሞች ነው።

አንድ የማውቀው የጌዶ እህል ነጋዴ ያጋጠመውን ልንገራችሁ። ከወኪል የገዛት ፒክአፕ፣ የዋስትና ጊዜዋ ሳያልቅ፣ በቁልቁለቱ ወደ ጉደር ስትወርድ ፍሬን ሲይዝ መሪዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሥራውን ፈትቶ፣ ነዳጅ ሞልቶ አዲስ አበባ ገባ። ተቀባዩ ችግሩን አዳመጠው፤ ጆብ ካርዱ ላይ ግን የጻፈው «ሠርቪስ» ብቻ ነበር። መካኒኩን ላነጋግረው ቢል አይቻልም ተባለ። ማምሻውን ዘይት፣ ፊልትሮና የፊት ፍሬን ሸራ መቀየሩን የሚገልጽ ደረሰኝ ሰጡት፤ ከፍሎ ወጣ። ጌዶ ገብቶ፣ ቀጥሎ ወደ ጉደር ሲወርድ መሪው እንደ በፊቱ እጁ ላይ ተንቀጠቀጠ። ቢደውል «አምጣትና እናያታለን» አሉት። እንደገና ሄደ። አሁን ደግሞ ብልሽቱ ሌላ ነው፣ ዲስኩ መቀየር አለበት፣ ይህን ዋስትናው አይሸፍነውም፣ ዕቃውም ለጊዜው የለም ተባለ።

አምቦ ላይ ያለ አንድ መካኒክ የፊት ጎማውን በክሪክ አነሳው። አንድ እጁን ከላይ፣ አንድ እጁን ከታች አድርጎ ወዘወዘው። ጎማው ተጫወተ። «ኩሽኔታው ነው» አለ። ፈትቶ ያለቀውን አሳየው፤ በአዲስ ቀይሮ አሮጌውን በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠው። መሪው ቀጥ አለ። ነጋዴው ከወራት በኋላ በሌላ ጉዳይ ወደ ወኪሉ ሲመለስ ግን የተሰጠው መልስ «ሌላ ጋራዥ ስለነካት ዋስትናዋ ቀርቷል» የሚል ነበር።

ይህ የአንድ ሰው ዕድል ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጽፈውም ነበር። በዚህ መንገድ የሚመላለሱ ባለ መኪናዎች ሻይ ቤት ሲገናኙ የሚያወሩት ይህንኑ ነው። ስለዚህ ወኪሎችን፣ የአንዱን ስም ከሌላው ለይቼ ሳልጠራ፣ በግልጽ ልጠይቃቸው።

ባለ መኪናው የተናገረው ችግር በተናገረው ልክ ጆብ ካርዱ ላይ የማይሰፍረው ለምንድን ነው? «ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ መሪው ይንቀጠቀጣል» ብሎ መጻፍ ስንት ደቂቃ ይወስዳል? ያልተጻፈውን ችግር መካኒኩ ከየት ያውቀዋል? መኪናው ተሠርቶ ሲያበቃስ ችግሩ በተነሳበት ሁኔታ ተነድቶ ካልተሞከረ፣ መዳኑ በምን ተረጋገጠ? የተቀየረ ዕቃ አሮጌው ለባለቤቱ የማይታየው ለምንድን ነው? ገንዘቡ የእሱ፣ መኪናው የእሱ፣ የተፈታው ብረትም የእሱ አይደለም ወይ? ለአንድ ብልሽት ሁለት ጊዜ ክፈል የሚባለውስ በየትኛው ሕግ ነው? የመጀመሪያው ምርመራ ስቶ ከሆነ፣ የስህተቱን ዋጋ የሚሸከመው የሳተው ነው ወይስ የታመነው?

ዋስትናው ቀርቷል የሚለውማ ከሁሉም የባሰ ነው። መጀመሪያ ችግሩን ሳያገኙ የቀሩት እነሱ። ዕቃ የለም ብለው የመለሱት እነሱ። ሰውየው ሕይወቱን ለማትረፍ መኪናውን ቢያሠራ ጥፋተኛ የሚሆነው እንዴት ነው? ዕቃው እስኪመጣ ድረስ ምን እንዲያደርግ ኖሯል የጠበቁት? በሚንቀጠቀጥ መሪ የጉደርን ቁልቁለት ሲወርድ እንዲከርም? ባለቤቱን የሚያስር፣ ሻጩን ግን ምንም የማያስገድድ ዋስትና ላም አለኝ በሰማይ ካልሆነ ሌላ ምንድን ነው?

ሕጉ በዚህ ላይ ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ ሥራ የሚረከብ ሰው በራሱ ኃላፊነት አንድ ውጤት ለማስገኘት ግዴታ እንደሚገባ ይደነግጋል። ጋራዥ ገብቶ የወጣ መኪና ውጤቱ ምንድን ነው? ደረሰኝ ነው ወይስ የዳነ ፍሬን? የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ለሸማቹ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ በአክብሮት የመስተናገድና ለደረሰበት ጉዳት የመካስ መብት ሰጥቶታል። ጉድለት ያለበት አገልግሎት የተሰጠው ሰው፣ በሕጉ የቀናት ገደብ ውስጥ ካመለከተ፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንደገና እንዲሠራለት ወይም የከፈለው እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። እንግዲህ በሁለተኛው ጉዞ ክፈል ያሉት ወኪሎች ይህን አዋጅ አያውቁትም ማለት ነው? ወይስ ባለ መኪናው እንደማያውቀው ያውቃሉ?

ፍትሐዊ ለመሆን የእነሱንም ችግር ማንሳት ይገባል። የውጭ ምንዛሪ እጥረቱ እውነት ነበር። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መኪናን ጨምሮ 38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ተደርጎ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ሲለወጥ ክልከላው ተነሣ፤ የዕቃው ዋጋ ግን አብሮ ናረ። ኮንቴይነር ወደብ ላይ ሲዘገይ፣ ባንክ ወረፋ ሲያስጠብቅ፣ ወኪሉ ጥፋተኛ ነው አልልም። ነገር ግን ጆብ ካርድ በአግባቡ መሙላት ዶላር ይጠይቃል ወይ? ደንበኛን ከመካኒክ ጋር ለአምስት ደቂቃ ማገናኘት ሌተር ኦፍ ክሬዲት ይፈልጋል? «ዕቃው የለም፣ እስኪመጣ አምቦ ላይ አሠራው፣ ዋስትናህ አይነካም» ብሎ በጽሑፍ መስጠትስ የማንን ፈቃድ ይሻል? የዕቃ እጥረት ያልነካቸው ጥፋቶች በዕቃ እጥረት ሊሸፈኑ አይገባም።

ጉዳዩ የነጋዴው ብቻም አይደለም። መንግሥት ለየወረዳው አምቡላንስ ማከፋፈል ከጀመረ ከ10 ዓመት በላይ ሆኗል። ከገጠር ቀበሌ ምጥ የያዛትን እናት ወደ ጌዶ ሆስፒታል፣ ሲብስም ወደ አምቦ የምታደርሰው እሷ ናት። ይህች መኪና ለሠርቪስ አዲስ አበባ ሄዳ፣ ዕቃ ስትጠብቅ ጋራዥ ግቢ ውስጥ በቆመች ቁጥር ያቺን እናት ማን ያደርሳታል? ለመሥሪያ ቤት መኪና በጅምላ ሲገዛ የጨረታ ሰነዱ ላይ የሞተሩ ጉልበትና የወንበሩ ብዛት ይጻፋል። መኪናው በሚሠራበት ዞን ውስጥ ጥገና የሚሰጠው ማን እንደሆነ፣ በስንት ቀን ሠርቶ እንደሚመልስ፣ ከቀኑ ቢያልፍ ምን እንደሚቀጣ ለምን አይጻፍም? ብዙ መኪና በአንዴ የሚገዛ ደንበኛ ይህን መጠየቅ ካልቻለ፣ አንድ መኪና በብድር የገዛ ሰው እንዴት ይችላል?

ሌሎች አገሮች የዋስትናውን ጥያቄ እንዴት ፈቱት? ደቡብ አፍሪካን እንመልከት። የአገሪቱ የውድድር ኮሚሽን ያወጣው መመሪያ እ.ኤ.አ. ከ2021 አጋማሽ ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ባለ መኪና በዋስትናው ዘመን ከወኪሉ ውጭ ባለ ጋራዥ ሠርቪስ ቢያስደርግ፣ በዚያ ብቻ ዋስትናው አይሻርም ይላል። ያ ጋራዥ በሥራው ላበላሸው ነገር ወኪሉ አይጠየቅም፤ ይህ ተገቢ ነው። የሠርቪስ ዕቅድ ዋጋም ከመኪናው ዋጋ ተለይቶ ለገዢው እንዲነገር ያዝዛል። በአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 ሕዝቡ በድምፁ ያጸደቀው ሕግ፣ አምራቾች የብልሽት መመርመሪያ መረጃቸውን ለግል ጋራዦችም እንዲያካፍሉ አስገድዷል። ወኪሎቹ በዚህ ሳቢያ ከገበያ አልጠፉም። እኛስ ተመሳሳይ መመሪያ ለማውጣት ምን ያግደናል? የአምቦው መካኒክ የጎደለው ዕውቀት ነው ወይስ መመርመሪያ ማሽኑንና መረጃውን እንዲያገኝ የሚያደርግ ሕግ?

ለዚህ ደግሞ ጊዜ የለንም። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ወስኗል። ከእንግዲህ አዲስ የሚገባው አውቶሞቢል የኤሌክትሪክ ነው። ኩሽኔታን በእጁ ወዝውዞ የሚያውቅ መካኒክ፣ ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለውን የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ያለ ሥልጠናና ያለ መሣሪያ ሊከፍተው አይችልም፤ ቢሞክርም ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። እንዲህ ያለ መኪና ዳገቱ ላይ ቢቆም ባለቤቱ ማንን ይጠራል? በሎቤድ ጭኖ አዲስ አበባ ሊያደርሰው ነው? አምቦ ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶችን ያስመርቃል፤ በዞኑ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች አሉ። ወኪሎቹ ከእነዚህ ጋር ተዋውለው መካኒኮችን ቢያሠለጥኑ፣ አምቦ ላይ አንድ የተመሰከረለት ጋራዥ ውክልና ቢሰጡት፣ የሚያግዳቸው ምንድን ነው?

የሚቆጣጠረው አካልስ ወዴት አለ? የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን ተብሎ የተቋቋመው መሥሪያ ቤት በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1263 ሥልጣኑ ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተዛውሯል። መሥሪያ ቤቱ ቢቀየርም ሥራው አልቀረም። እናም ሚኒስቴሩን እጠይቃለሁ፤ ለመኪና አስመጪና ለወኪል ፈቃድ ሲያድስ፣ መኪኖቹ የተሸጡባቸውን ከተሞችና ጥገና የሚሰጥባቸውን ከተሞች ጎን ለጎን አስቀምጦ ተመልክቷል ወይ? የጌዶ ሰው አቤቱታውን ለወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ቢያቀርብ፣ አዲስ አበባ ያለውን ኩባንያ ጠርቶ የሚያስመልስለት አለ ወይስ «ሄደህ እዚያው ክሰስ» ይባላል?

የመጨረሻው ጥያቄ ለእኛ ለባለ መኪናዎች ነው። ሻይ ቤት የምናማርረውን ያህል በጽሑፍ አመልክተናል ወይ? ስንገዛ የዋስትናውን ወረቀት እንኳ ሳናነበው ጓዳ ከተን የምንረሳው ብዙዎች ነን። እንግዲያው ልማዳችን ይቀየር። ከመግዛታችሁ በፊት በቅርብ የሚጠግነው ማን እንደሆነ ጠይቁ፤ መልሱን በውሉ ላይ አስጽፉ። ጋራዥ ስትገቡ ችግሩ በራሳችሁ ቃል ጆብ ካርዱ ላይ ካልሰፈረ ቁልፉን አትስጡ። የወለቀውን ዕቃ ተረከቡ። ደረሰኙንና ጆብ ካርዱን አኑሩ። ሥራው ካልተስተካከለ በስልክ ብቻ ሳይሆን በደብዳቤ አሳውቁ፤ የደረሰበትን ቀን አስፈርሙ። መልስ ካጣችሁ አዋጁን ጠቅሳችሁ ለንግድ መሥሪያ ቤቱ አመልክቱ፤ ከቀናት ገደቡ አትለፉ። በአንድ መሥመር የሚሠሩ አምስት ባለ መኪናዎች በአንድ ማመልከቻ ቢፈርሙ ዝም ማለት ለወኪሉም ለመሥሪያ ቤቱም ይከብዳቸዋል።

ወኪሎችም ይህን ይወቁ፤ ጌዶ ላይ የሚሽከረከረው መኪና ሙሉ ዋጋው ተከፍሎበታል። ሙሉ ዋጋ የተከፈለበት መኪና ሙሉ አገልግሎት ይገባዋል። እስከ ጌዶ የሚዘልቅ አገልግሎት የሌለው፣ ይህንኑ ከመሸጡ በፊት ለገዢው በጽሑፍ ይንገረው።