የቼዝ ዓምድ፦ ንግሥት ያልሆነው ወታደር

ባለፈው እትም ያወጣነው የቼዝ ጥያቄ መልሱ ስህተት ነበር። አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ መጥታ በቆርኪ ደርድራ አሳየችን። ትንሽ አፈርን፣ ደስም አለን። እኛን የሚያጽናና ታሪክ ስላገኘን ግን ዛሬ እሱን ይዘን ቀርበናል።

እ.ኤ.አ. በ1895 በስኮትላንድ፣ ግላስጎው ከተማ፣ ባርቢዬ የሚባል ፈረንሳዊ በአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ እንደዚህ ያለ ዓምድ ያዘጋጅ ነበር። አንድ ቀን አራት ጠጠር ብቻ ያለበት ጥያቄ አወጣ። ሰሌዳ የሌላችሁ መሬት ላይ አሥምሩና ደርድሩት፦ ነጭ ንጉሥ ቢ6፣ ነጭ ወታደር ሲ7፤ ጥቁር ንጉሥ ኤ1፣ ጥቁር ካስትል (አባቶቻችን በሰንጠረዥ ደር የሚሉት) ዲ5። ተራው የጥቁር ነው። ባርቢዬ «ጥቁር አቻ ይወጣል» አለ።

እስቲ እንየው። ካስትሉ ዲ6 ገብቶ ቼክ ይላል። ንጉሡ ቢ7 ቢሸሽ ካስትሉ ዲ7 ሄዶ ወታደሩን ያስረዋል። ሲ5 ቢወጣ ደግሞ ካስትሉ ዲ1 ይወርዳል፤ ወታደሩ ንግሥት ሲሆን ከሲ1 ቼክ ብሎ ንግሥቲቱን ይበላታል። ስለዚህ ንጉሡ በቢ መስመር ይውረድ፦ ቢ5። ካስትል ዲ5፣ ቼክ። ንጉሥ ቢ4። ካስትል ዲ4፣ ቼክ። ንጉሥ ቢ3። ካስትል ዲ3፣ ቼክ። አሁን ንጉሥ ሲ2! ቼኩ አለቀ፣ ካስትሉም ሊበላ ነው።

ጥቁሩ ግን ብልህ ነው፤ ካስትሉን ዲ4 ይመልሰዋል። ወታደሩ ሲ8 ደርሶ ንግሥት ቢሆን ካስትሉ ሲ4 ላይ ቼክ ይላል። ንግሥቲቱ ስትበላው የጥቁሩ ንጉሥ ቼክ ሳይባል መሄጃ ያጣል፣ ጨዋታው አቻ። ባርቢዬ የቆመው እዚህ ላይ ነው። ማንም ቢሆን እዚህ ይቆማል፤ ንግሥት እየተቻለ ሌላ ማን ይመርጣል?

በዚያው ከተማ የሚኖር ሳቬድራ የተባለ ስፔናዊ ቄስ ግን አልቆመም። በቼዝ ስመ ጥር ሰው አልነበረም። ወታደሩ ንግሥት ሳይሆን ካስትል ይሁን አለ! ካስትል ከሆነ ያ የሲ4 ወጥመድ አይሠራም፤ ካስትሉ ቢበላው የጥቁሩ ንጉሥ ኤ2 መሄጃ አለው። በዚያ ላይ ነጭ ኤ8 ሄዶ ሊያንቀው ነው። ጥቁሩ ይህን ለማገድ ካስትሉን ኤ4 ያመጣል። ያኔ ነጭ ንጉሥ ቢ3 ይገባል፤ ካስትሉን ሊበላ፣ በሲ1ም ማት ሊል። ጥቁሩ ሁለቱን ባንድ ጊዜ መከላከል አይችልም።

ባርቢዬም መፍትሔውን በዚያው ዓምዱ አወጣው። ዛሬ በዓለም ላይ ጥያቄው የሚጠራው በቄሱ ስም ነው።

የዚህ እትም ጥያቄ፦ ካስትሉ ዲ4 ላይ ቼክ ሲል ንጉሡ ቢ3 በመሄድ ፋንታ ሲ3 ቢሄድ፣ ጥቁሩም ካስትሉን ዲ1 ቢያወርደው፣ ነጭ ያሸንፋል ወይስ አቻ ነው? መልሳችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ቆርኪያችሁንም አትርሱ።