ስም ቆርጦ መለጠፍ ሼር ማድረግ አይደለም

ይሄን ጽሑፍ ሦስት ቀን ይዤው ቆየሁ። ተናድጄ ስለነበር ትንሽ ልብረድ ብዬ ነው። አልበረደልኝም፤ እንዳለ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ብዙዎቻችሁ ሰሞኑን ስለ ውኃ ወረፋ የተሠራችውን አጭር ፊልም አይታችኋል። ጄሪካኖች በባለቤቶቻቸው ፈንታ ተሰልፈው፣ የአንዷ ቢጫ ጄሪካን ባለቤት ብቻ ሳትመጣ የምትቀርበትን። ለእኔም አምስት ስድስት ሰው በውስጥ መስመር ልኮልኛል፤ «ቲቸር፣ እስቲ ይቺን ይዩ፣ ታስለቅሳለች» እያለ። አይቻታለሁ። ከሁላችሁም በፊት፣ ገና በደብተር ወረቀት ላይ ተጽፋ እያለች ነው ያየኋት። የሠሯት እኔ ያስተማርኳቸው አራት ልጆች ናቸውና። እናንተ ያያችሁት ላይ ግን ስማቸው የለም።

እንዴት እንደተሠራች ልንገራችሁ። ልጆቹ የተዋወቁት ትምህርት ቤት፣ ሚኒ ሚዲያ ክበብ ውስጥ ነው። ካሜራቸው የአንዱ ልጅ ወንድም ስልክ ነው። የድምፅ መቅጃ ስለሌላቸው ሌላ ስልክ ተዋናይዋ ነጠላ ሥር ደብቀው ቀዱ፤ በኋላ ድምፁና ምስሉ እንዲገጥምላቸው በየቀረጻው መጀመሪያ አንዴ ያጨበጭባሉ። ለማታው ቀረጻ መብራት የሆናቸው የባጃጅ የፊት መብራት ነው፤ ባለባጃጁ ሥራውን ትቶ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆሞላቸዋል። ኤዲት ያደረጉት እዚያው ስልክ ላይ፣ በካፕካት፣ ሜሞሪ እየሞላባቸው የራሳቸውን ፎቶ እያጠፉ። ዩቲዩብ ላይ የጫኑት በሌሊት ፓኬጅ ሲሆን ሁለቴ ተቋርጦባቸው በሦስተኛው ነው የገባው። 12 ደቂቃ ለሆነች ፊልም አምስት ቅዳሜ ፈጀባቸው።

በአራተኛው ቀን አንድ ብዙ ተከታይ ያለው ገጽ አወረዳት። ሦስት ቦታ ቆራረጣት። መሃሏ ላይ የራሱን ሎጎ ለጠፈባት። የመጨረሻዎቹን ሁለት ደቂቃዎች ደግሞ ጨርሶ ጣላቸው፤ የልጆቹ ስም ያለው እዚያ ላይ ነዋ! ግን የፊልሟ መቋጫም እዚያው ነበር። ጎረቤቶቹ የሴትዮዋን ተራ ሳይነጥቁ፣ ጄሪካኗን ሞልተው ወደ ቤቷ ተሸክመው የሚሄዱት በእነዚያ ሁለት ደቂቃዎች ውስጥ ነው። አሁን ገጹ ላይ ያለውን ኮሜንት እዩት፤ «መጨረሻውስ?» «ምን ለማለት ነው?» «የእኛ ሰው ፊልም ጀምሮ መጨረስ አይችልም»። ጨርሰውት ነበር እኮ! የቆረጠው ሌላ፣ የሚሰደቡት እነሱ።

ለገጹ አስተዳዳሪ በትህትና ጻፍኩለት። «ወንድሜ፣ የልጆቹን ስምና ሊንካቸውን ጨምርላቸው» ነው ያልኩት፤ አጥፋው እንኳ አላልኩም። መልሱ «ብሮ፣ ፕሮሞት እያደረግንላቸው ነው፣ ሊያመሰግኑን ነው የሚገባው» የሚል ነበር። ቀጥሎ ብሎክ።

እንግዲህ ይሄን «ፕሮሞት» የሚሉትን ነገር በሒሳብ እንየው። ዩቲዩብ ከማስታወቂያ ገቢ ለማካፈል ከሚያስቀምጣቸው መስፈርቶች አንዱ 1,000 ሰብስክራይበርና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የዕይታ ሰዓት ነው። 4,000 ሰዓት 240,000 ደቂቃ ነው። ለ12 ስታካፍሉት 20,000 ይመጣል። አንዲት የ12 ደቂቃ ፊልም 20,000 ጊዜ እስከ መጨረሻዋ ብትታይ የሰዓቱ ነገር አለቀ ማለት ነው። የተሰረቀችው ዛሬ ጠዋት ሳያት 90 ሺህ አልፋለች። የልጆቹ 412 ላይ ቆማለች። ከዚያ ሁሉ ተመልካች ሩቡ ወደ ልጆቹ ቻናል ቢመጣ ኖሮ ዛሬ የምናወራው ሌላ ነበር። ስሙ ያልተጠራ ሰው እንዴት ሆኖ ነው ፕሮሞት የሚደረገው?

«በስልክ የተሠራች የልጆች ነገር ናት፣ ምን ታካብዳለህ» ያለኝም አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚባል ሕግ አለን፤ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። በዚህ ሕግ አንድ የራስ ፈጠራ የሆነ ሥራ ጥበቃ የሚያገኘው ከተሠራና ከተቀረጸ ጊዜ ጀምሮ ነው። ካላስመዘገብክ አይልም። ጥራቱ ስንት ነው ብሎም አይጠይቅም። የሠሪው ስም የመጠቀስ መብትም እዚያው ተጽፏል። ልጆቹ ፍርድ ቤት ይመላለሱ እያልኩ አይደለም፤ የትራንስፖርቱንስ ማን ይሰጣቸዋል? ግን «የልጆች ነገር» የሚባል ማንም የሚያነሳው ዕቃ አለመኖሩን እንወቅ።

«ዳታ ውድ ነው፤ ሰው ቴሌግራም ላይ አንዴ ቢያወርድ ምን አለበት» ለምትሉኝ፣ እሷ ላይ እውነት አላችሁ። እኔም የደመወዜን ልክ አውቃለሁ። ግን ዳታ ስለተወደደ ስም አይቆረጥም። ስም ጥቂት ሜጋባይት አትበላም!

ንጹህ ሆኜ አይደለም የምናገረው። እኔም በተማሪነቴ በፍላሽ ያልቀዳሁት ፊልም የለም። ኮፒ ሲዲ ከአዟሪ እየገዛሁ ነው ያደግኩት። መምህር ከሆንኩ በኋላም ክፍል ውስጥ ከየት እንደመጣ ሳልናገር ያሳየሁት አለ። ያኔ «ፊልም ሠሪ» የሚባለው ሰው በሩቅ ያለ ሀብታም ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ፊልም ሠሪዋ ሦስተኛ ረድፍ ላይ ተቀምጣ እጇን የምታወጣው ልጅ ሆነች። ለካ ያኔም የሆነ ሰው ነበረ።

ኃይሌ ገሪማን ታውቁታላችሁ፤ የጎንደሩ ልጅ፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው። «ሳንኮፋ»ን በ1993 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍልለት አጣ። ሲኒማ ቤት እየተከራየ፣ ከከተማ ከተማ እየዞረ ራሱ አሳየው። ያየው ሰው ላላየው እየነገረ አዳራሹን ሞላው። አከፋፋይ ያጣ ፊልም ተመልካቹ አከፋፋይ ሆነለት። ዛሬ እያንዳንዳችን እጅ ላይ ሼር የሚል ቁልፍ አለ። ሁላችንም አከፋፋይ ነን። ጥያቄው የማን አከፋፋይ ነን የሚለው ነው፤ የሠሪው ወይስ የቆራጩ?

ይሄን ሁሉ ያስጻፈኝ ግን ሌላ ነው። ስክሪፕቱን የጻፈችው ልጅ ባለፈው ሐሙስ መንገድ ላይ አገኘችኝ። ሁለተኛ ፊልም ጀምራ ነበር፤ ስለ አባቷ። «እንዴት ሆነ?» አልኳት። «ተውኩት ቲቸር» አለች። «አባቴ ያቺን ቪዲዮ ከሰው ስልክ ላይ አይቶ፣ ይሄ ያንቺ ነው ስትይ አልነበር? ስምሽ የታለ? አለኝ። ምን ልበለው?» እኔም የምላት አጣሁ። አስተማሪ ነኝ፤ መልስ ማጣት አልወድም። ውሸታም አስመሰሏት እኮ፣ በገዛ ሥራዋ፣ በገዛ አባቷ ፊት!

ስለዚህ ልመናዬ ይሄ ነው።

ያንን የተቆረጠውን ሼር ያደረጋችሁ አጥፉትና የልጆቹን ሼር አድርጉ። አውቃችሁ እንዳላደረጋችሁት አውቃለሁ፤ አሁን ግን አውቃችኋል። ከዚህ በኋላም ስም የሌለው ፊልም ሲደርሳችሁ፣ ወደ ሌላ ከመላካችሁ በፊት «የማን ነው?» ብላችሁ ኮሜንት ላይ ጠይቁ። ሃምሳ ሰው ከጠየቀ አድሚኑ ያፍራል። ባያፍርም ይሰለቸዋል።

ፊልም የምትሠሩ የቀድሞ ተማሪዎቼ ደግሞ፣ ስማችሁን መጨረሻ ላይ ብቻ አታድርጉ። መጀመሪያ ላይም አስገቡት፣ ምስሉ ላይም በትንሹ አስቀምጡት። ያልተቆረጠውን ዋና ቀረጻ አታጥፉ፣ ማስረጃችሁ እሱ ነው። ዩቲዩብም ፌስቡክም ላይ የቅጂ መብት አቤቱታ የሚሞላበት ቅጽ አለ፣ በነጻ ነው። መሙላት ያቃተው ቤቴን ያውቀዋል፤ ቁጭ ብለን እንሞላለን። ቴሌግራም ላይም ሌላ ሰው ሳይቀድማችሁ ራሳችሁ በትንሽ ሳይዝ ጫኑት።

የልጆቹ ሊንክ የመጀመሪያው ኮሜንት ላይ አለ። 12 ደቂቃ ናት። እባካችሁ እስከ መጨረሻው እዩዋት፤ ጄሪካኗ ቤቷ ትገባለች። ከዚያ የሚወጡትን አራት ስሞች አንብቧቸውና ከፈቀዳችሁ አንዱን ስም ጠርታችሁ ኮሜንት ጻፉላቸው። ለዚያች ልጅ አባት የማሳየው ነገር እፈልጋለሁ።